ላሊበላን ለማየት ስንት እግር ያስፈልጋል?



ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ የተሰረዘ ስም ነው። ማኅበራችን ወደ ላሊበላ የጉብኝት ጉዞ ባሰናዳ ጊዜ፣ ለመሄድ የሚፈልጉ ተማሪዎች ስማቸውን እንዲጽፉ በምግብ አዳራሹ በር ላይ ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። ከዝርዝሩ አንዱ ስም በማግስቱ ተሰርዞ ተገኘ፤ የሰረዘውም ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ባለስሙ ነበር። ይህ ጓደኛችን በልጅነቱ በፖሊዮ እግሮቹ ስለተጎዱ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። የታሪክ ተማሪ ሲሆን፣ ስለ ዛጉዌ ዘመን ከሁላችን ይልቅ ብዙ ያነበበ እርሱ ነው። ስለ ምን ስሙን እንደሰረዘ ብንጠይቀው፣ «ከኮሚቴው አንዱ መጥቶ፣ ቦታው ላንተ አይሆንም፤ ከመጣህም አውቶቡሱ ውስጥ ሆነህ ስንቅ ትጠብቅልናለህ አለኝ። ስንቅ ለመጠበቅማ ላሊበላ ድረስ ምን አስኬደኝ?» ሲል መለሰልን።

ይህን ያለው የኮሚቴ አባል ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ ስለሆነ፣ ነገሩን በሌላ ሰው ላይ ለማላከክ አንችልም። ቃሉን የተናገረው በክፋት አልነበረም፤ ይልቁንም ለጓደኛው ያዘነለት መስሎት ነበር። ነገር ግን ቦታውን አይቶት አያውቅም፤ ስለ በሩ ስፋት፣ ስለ ደረጃው ብዛት፣ ስለ መንገዱ ሁኔታም ማንንም አልጠየቀም። ሄደን ያየነውንና ከተመለስን በኋላ ያነበብነውን ብንደምር፣ «አይሆንም» የተባለው ነገር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን ስንፍና ሆኖ አገኘነው። የትኛው እውነት፣ የትኛው ስንፍና እንደሆነ ለይተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ዮርዳኖስ ከተባለው ወንዝ ግራና ቀኝ በሁለት ምድብ ሲከፈሉ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከሁለቱም ተለይቶ ብቻውን ቆሟል። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ይህን ሁሉ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስለምናውቀው አናስረዝመውም። ለጉዳያችን ዋናው ነገር አሠራራቸው ነው። ሌላው ሕንፃ ከመሠረቱ ተነሥቶ ወደ ጣራው ሲሠራ፣ እነዚህ ግን ከጣራቸው ተጀምረው ወደ መሠረታቸው ተፈልፍለዋል። በጎንደር የፋሲል ቤተ መንግሥት ግቢው ከሞላ ጎደል ሜዳ ሆኖ፣ እንግዳውን የሚያስቸግረው ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ ነው። በላሊበላ ግን ጭንቁ መውረድ ነው።

ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። መውጣት ያልቻለ ሰው ከታች ሆኖ የሚያየው ግድግዳ ብቻ ነው። በላሊበላ ግን ከላይ የቀረ ሰው ከቅርሱ ውጭ ቀረ ሊባል አይችልም። ቤተ ጊዮርጊስን እንውሰድ። በመጽሐፍ፣ በፖስታ ካርድና በካላንደር ሁሉ የምናውቀው ያ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጣራ የሚታየው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ብቻ ነው። ወደ ታች የወረደ ሰው ከፍ ያለ ግድግዳ፣ በርና መስኮት ያያል እንጂ መስቀሉን አያይም። እኛም በጠባቡ መተላለፊያ ወርደን፣ ግቢውን ዞረን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ከወጣን በኋላ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍነው አፋፉ ላይ ቁጭ ብለን ነው። እንግዲህ ጓደኛችን አፋፉ ድረስ ቢደርስ ኖሮ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን እይታ ከእኛ እኩል ባየ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ዐለቱን መጥረብ ሳይሆን፣ ከመኪና መቆሚያው እስከ አፋፉ ድረስ የተደላደለ መንገድና ከገደሉ ጠርዝ ራቅ ብሎ የሚቆም መከለያ ነው። መሬቱ ወጣ ገባ የሆነ ዐለት ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው አንልም፤ የማይቻል ግን አይደለም።

ታዲያ ወደ ታችስ? እዚህ ላይ የ«አይሆንም»ን እውነተኛ ግማሽ እናገኛለን፤ ስሌቱም አጭር ነው። አንድ ሰው በዊልቸር ያለ ትልቅ ድካም እንዲወጣና እንዲወርድ፣ ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት እንደሚያስፈልገው በግንባታ ሙያ የታወቀ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመበት ጉድጓድ ጥልቀት 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ ተዳፋቱ 144 ሜትር ሊረዝም ነው። በየመካከሉ የሚሠራውን የማረፊያ ቦታ ገና አልቆጠርንም። የጉድጓዱ አፍ ግን በየጎኑ 25 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተዳፋቱ ጉድጓዱን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከዞረ በኋላ ግማሽ ዙር ያህል ደግሞ መዞር ሊኖርበት ነው። ይህን ለማድረግ ያ ንጉሥ ያስፈለፈለውን ያህል ዐለት እንደገና መፈልፈል ያስፈልጋል። ማንም አእምሮ ያለው ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ጓደኛችንም አልጠየቀም። እርሱ የጠየቀው ለምን ሳይጠየቅ እንደተወሰነለት ነው።

ከአፋፉና ከጉድጓዱ መካከል ግን ብዙ ነገር አለ። ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ርዝመት፣ 23 ሜትር ወርድና 11 ሜትር ከፍታ ያህል አለው። በዙሪያው ያለው ግቢ ሰፊ ሲሆን፣ ወደ ውስጥ ለመግባት የሚያስቸግረው የበሩ ደፍ፣ ደረጃውና የወለሉ ወጣ ገባነት ነው። ለአንድ ደፍ የሚሆን መወጣጫ ከእንጨት ሊሠራ ይችላል። 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ላለ ደፍ በስሌቱ መሠረት 2 ሜትር ከ40 የሚረዝም ሳንቃ ያስፈልጋል፤ ከኋላ የሚደግፍ ሰው ካለ ያነሰም ይበቃል። ጎብኚው ሲመጣ ይዘረጋል፣ ሲሄድ ይነሣል፤ ምስማር አይመታበትም፣ ሲሚንቶም አይፈስስበትም። በአንጻሩ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚገባው ከጥልቅ ቦይ በላይ በተዘረጋ ድልድይ ነው፤ በዚያ ምድብ ያሉት መተላለፊያዎችም እጅግ ጠባቦች ናቸው። ስለዚህ «ላሊበላ ይሆናል ወይስ አይሆንም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ስሕተት ነው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት አሥራ አንድ ልዩ ልዩ መልስ አላቸው።

በነገሩ ላይ ሌላ ጥያቄም አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። ታዲያ የዊልቸር መንኮራኩር ጫማ ነው ወይስ እግር? የክራንች ጫፍስ? እግሩን በልዩ ጫማ ካልደገፈ መቆም የማይችል ሰውስ ምን ያድርግ? ይህን ለመወሰን የእኛ የተማሪዎች እውቀት አይበቃም፤ መልሱ የካህናቱ ነው። ነገር ግን ጥያቄው በር ላይ፣ ሰልፉ ከኋላ እየገፋ፣ ባለጉዳዩ እያፈረ የሚነሣ መሆን የለበትም። አስቀድሞ በስልክ ወይም በደብዳቤ ቢጠየቅ፣ መንኮራኩሩ ይጠረግ፣ በጨርቅ ይሸፈን፣ ወይም ሌላ መላ ይፈለግ ተብሎ መልስ ሊገኝ ይችላል። ደግሞም ቤተ ክርስቲያናችን ለደካማ ሰው እንግዳ አይደለችም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ደብተራ ብብቱን የሚያስደግፍበት መቋሚያ አለው። በቃል በሚሰጠው ትምህርትም ብዙ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ወጥተዋል። መቅደሱ ውስጥ ደግሞ ከካህናት በቀር ማንም አይገባም፤ ሁሉን ቦታ አለመርገጥ የአካል ጉዳተኛ ብቻ ዕጣ አይደለም።

ከእኛ ጋር ስለ ሄደው ስለ ሌላው ጓደኛችንም ጥቂት እንበል። እርሱ ዓይነ ስውር ነው። ስሙን ማንም አልሰረዘበትም፤ ምናልባትም እግሩ ጤነኛ ስለሆነ ሌላው ነገር አልታየን ይሆናል። በጉዞው ላይ ግን ያሳፈርነው እኛው ነን። ቤተ መድኃኔ ዓለም ስንደርስ «ምን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቀን፣ አንዱ «ትልቅ ነው»፣ ሌላው «በጣም ያምራል»፣ ሦስተኛው «በቃል አይገለጽም» አለው። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተገኘው መግለጫ ይህ ነበር። እርሱም ተስፋ ቆርጦ፣ «እንግዲያው በእርምጃዬ ልለካው» አለና ነጭ በትሩን ይዞ ዙሪያውን መዞር ጀመረ። አንድ ዙር ከመቶ ሜትር በላይ ነው። ሲጨርስ ግን ስለ ሕንፃው መጠን ከእኛ የተሻለ ያውቅ ነበር። እኛ ያየነው ከአንድ ማዕዘን ቆመን ነዋ!

ኋላም በሁለተኛው ምድብ ባለው የጨለማ መተላለፊያ ስናልፍ፣ ግድግዳውን እየዳሰስን፣ እርስ በርሳችን እየተጋጨን፣ ከፊታችን ያለውን እየጮኽን ስንጠራ፣ እርሱ ቀድሞን ወጥቶ ከወዲያኛው አፍ ይጠብቀን ነበር። ይህን የምናወራው እርሱን ለማወደስ አይደለም፤ ራሱም ስናነሣው ይሰለቸዋል። የምናወራው ለብርሃን ሰው የተሰናዳ መንገድ ለእርሱ፣ ለጨለማ የተሰናዳ መንገድ ደግሞ ለእኛ አስቸጋሪ መሆኑን በዓይናችን ስላየን ነው።

ለእንደ እርሱ ላለ ጎብኚ የሚበጀው ዋና ነገር በእጅ የሚዳሰስ ሞዴል ነው። ቤተ ጊዮርጊስ በአንድ ሃምሳኛ መጠን ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ቢሠራ፣ አሥራ ሁለቱ ሜትር 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምም ከ66 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሁለቱም ባንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ዋናው ግድግዳ በብዙ ሺህ እጅ ተዳስሶ እንዳያልቅ መጠንቀቅ ስለሚገባ፣ ሞዴሉ ለቅርሱም ይጠቅማል። መስቀሉን ጣራውንና በሩን ባንድ ጊዜ ሊያይ የሚችል ዓይናማ ጎብኚ ስለሌለም፣ ሞዴሉን የሚሻማው ሁሉ ሰው ነው። በብሬል የተጻፈ አጭር መግለጫ ቢታከልበት ደግሞ መልካም ነው። የገና ዕለት በቤተ ማርያም ቅጥር አፋፍ ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ ከላይና ከታች የሚሰማው ድምፅ ግን ሞዴልም ብሬልም አያስፈልገውም፤ ጆሮ ይበቃዋል።

መስማት ለተሳናቸው ጓደኞቻችን ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጨለማ ስለሆነ፣ አስጎብኚው ገብቶ ሲያስረዳ የከንፈሩ እንቅስቃሴም ሆነ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው እጅ አይታይም። መፍትሔው ሳንቲም አያስወጣም፤ ማስረዳቱን ውጭ በብርሃን ጨርሶ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መግባት ነው። ለቀረነውም ቢሆን በውስጥ ዝም ብለን ብንቆም ባልጠላን ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በባህል ሕይወት እንዲሳተፉ ሲደነግግ፣ ብሔራዊ ጠቀሜታ ወዳላቸው ሐውልቶችና ቅርሶችም «እስከ ተቻለ ድረስ» እንዲደርሱ ይላል። «እስከ ተቻለ ድረስ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ሰነፍ ሰው «አልተቻለም» ብሎ ይገላገልበታል፤ ትጉህ ሰው ግን መቻልና አለመቻሉን በሜትር ለክቶ እንዲያሳይ ያስገድደዋል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ግልጽ ነገር አለ። በማንኛውም ታሪካዊ ቦታ ዙሪያ ያለው ነገር ሁሉ ቅርስ አይደለም። የትኬት መሸጫው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ሙዚየሙ፣ ሆቴሉ፣ የመኪና ማቆሚያው በ12ኛው መቶ ዘመን አልተፈለፈሉም። በኛው ዘመን በሲሚንቶና በብሎኬት የተሠሩ ናቸው። በቤተ ጊዮርጊስ በር ላይ «ቅርስ ነውና አይነካም» ሲባል ባርኔጣችንን አንሥተን እንቀበላለን። በሆቴል መታጠቢያ ቤት በር ላይ ይኸው ምክንያት ሲቀርብ ግን ሣቃችን ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጎብኚውን ከመንገድ የሚመልሰው የንጉሡ ዐለት ሳይሆን፣ ይህ የትናንትናው ብሎኬት ነው። መጸዳጃ ቤት መግባቱን ያላወቀ ሰው ለአንድ ቀን ጉብኝት ከቤቱ አይነሣምና።

ደግሞስ ቅርሱ ራሱ መቼ ሳይነካ ኖረ? ዝናቡ ዐለቱን ስለጎዳው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በብረት ምሰሶ የቆመ ትልቅ ጣራ ተሠርቶባቸዋል። ይህ ጣራ በክብደቱና በመልኩ ምክንያት ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ እኛም ስናየው ደስ አላለንም። ነገር ግን ለዝናብ ሲባል ያን ያህል ብረት ከተሸከመ፣ ለሰው ሲባል የሚነሣና የሚዘረጋ ሳንቃ መፍቀድ ያን ያህል የሚያስፈራ አይመስለንም። እርግጥ ያለ ካህናቱና ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አንድ ሳንቃም ቢሆን ሊቀመጥ አይገባም። መልካም ሐሳብ ይዞ ቅርስ ያበላሸ ሰው ቁጥሩ ጥቂት አይደለም።

በውጭ አገርም ይኸው ክርክር አለ። በአቴና አክሮፖሊስ የተባለው ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የፓራሊምፒክ ጨዋታ ሲደረግ በገደሉ ጎን ሊፍት ተተከለ። በ2020 ታኅሣሥ ወር ደግሞ በአዲስ ተተካ። በዚያው ጊዜ በዐለቱ ላይ የኮንክሪት መንገድ ተነጥፎ ነበርና፣ አያሌ የአርኪኦሎጂ ሊቃውንት የጥንቱን መልክ አጠፋው ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። መንገዱን የደገፉት ደግሞ ያለ እርሱ ዊልቸር ሊሄድ አይችልም አሉ። ማን እንደረታ መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመን የሚነሣ ነገር ከሚነጠፍ ነገር እንደሚሻል ማስተዋሉ ነው።

«ተሸክመን እናወርደዋለን» የሚሉ ጓደኞችም አሉ። ጉልበታቸውን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን መሸከምም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ባለቤቱ ይጠየቃል። እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እሺ ካለም የሚያዝዘው እርሱ ነው። ዊልቸሩ የሚያዘው ከዋናው ብረት ነው፤ የክንድ መደገፊያውና የእግር ማስቀመጫው የሚወልቁ ስለሆኑ እነርሱን ይዞ ያነሣ ሰው ባለቤቱን መሬት ላይ ይጥለዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ ከነሰውየው አይነሣም። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ተራራ ማቋረጥ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በቃሬዛ መሄድ ለሕመም ቀን ነው፤ ለሽርሽር ቀን በቃሬዛ መሄድ የሚያስደስተው ሰው አላጋጠመንም።

እርዳታ መቀበል ግን ውርደት አይደለም። ደብረ ዳሞን የጎበኙ ወንዶች ተማሪዎች ይህን ያውቃሉ። 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ሲወጡ፣ መነኮሳቱ ከላይ ሆነው ሌላ ጠፍር በወገባቸው አሥረው ይጎትቷቸዋል። ከመካከላችን የስፖርት ሜዳሊያ ያለው ጎበዝ ሳይቀር እንደ ከረጢት ተጎትቶ ወጥቷል፤ ስለዚህ ነገር ሲጠየቅ ወሬ ይለውጣል እንጂ አልተጎተትሁም አይልም። በዚያ ገደል ፊት ሁላችን አካል ጉዳተኞች ነበርን። መነኮሳቱ «ቦታው ላንተ አይሆንም» አላሉንም፤ ገመድ አወረዱልን።

ማኅበሩ የመንገዱ ሰላም ከፈቀደ እንደገና ወደ ላሊበላ ለመሄድ አስቧል። በዚህኛው ዝርዝር ላይ ከስም ቀጥሎ «ምን ያስፈልግሃል? ምን ያስፈልግሻል?» የሚል ዓምድ ተጨምሯል፤ የሚሞላውም ሁሉም ተማሪ ነው። እስካሁን ከሞሉት መካከል አንዱ ከፍታ እንደሚፈራ፣ አንዷ አስም እንዳለባት፣ ሌላው ጾም ስለሚጾም የስንቁ ነገር እንዲታሰብ ጽፈዋል። ያ ጓደኛችንም ስሙን ጽፏል፤ በእርሳስ ነው የጻፈው። በዓምዱ ውስጥ ያሰፈረው እንዲህ ይላል፦ «የዊልቸሬ ስፋት 64 ሳንቲ ሜትር ነው። እጄ ሳይላጥ ለማለፍ 80 ያህል ያስፈልገኛል። የየበሩን ስፋት፣ የየደፉን ከፍታና የሆቴሉን መጸዳጃ ቤት በር አስለክታችሁ ንገሩኝ፤ የት እንደምገባና የት አፋፍ ላይ እንደምቀር እኔው እወስናለሁ።»

ልኬቱን ለማምጣት ሁለት ሰዎች ቀድመው ይሄዳሉ። አንዱ ያ «ስንቅ ትጠብቃለህ» ያለው የኮሚቴ አባል ነው። ረዘም ያለ ሜትር ያላችሁ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች እስከ ዓርብ ድረስ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንድታውሱን እንጠይቃለን፤ የእኛው ሁለት ሜትር ላይ ተበጥሷል።